ልጄ ከንፈሩ ጠቆረ

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሕክምና መሣሪያዎችን የምትንከባከቡ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ድሬ ላይ የባጃጅ ክላክስ ሲጮህ ማን ዞር ይላል? ጆሯችን ለምዶታል። ሕፃናት ክፍል ውስጥ የልብ ምትና የደም ኦክስጅን የሚከታተለው ማሽን፣ የሞኒተር ጩኸትም (አላርም) እንዲሁ ሆኖብናል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የት ሆስፒታል እንደሆነ ይቆየን። የስድስት ወር ሕፃን ሞኒተር በየደቂቃው ይጮኻል። የልብ ምቱ 140 ነው፤ ለዕድሜው ጤነኛ። ማሽኑ ግን ከአዋቂዎች ክፍል የመጣ ነው፤ 120 ካለፈ እንዲጮህ ተሞልቷል። ይጮኻል፣ ሄጄ አጠፋለሁ። ደግሞ ይጮኻል። ሊነጋጋ ሲል መነሳቱንም ተውኩት። "ሲስተር፣ ልጄ ከንፈሩ ጠቆረ!" ብላ የጠራችኝ እናትየው ናት። የኦክስጅን ቱቦው ወልቋል። ለካ ያኔ ሞኒተሩ የሚጮኸው የምሩን ነበር።

ልጁ ተረፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጆይንት ኮሚሽን የተባለው ሆስፒታል መዛኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በሦስት ዓመት ተኩል 98 ከአላርም ጋር የተያያዙ አደጋዎች ተመዝግበዋል፤ 80ዎቹ ሞት ናቸው። ከሚጮኸው ውስጥ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ሕክምና የማያስፈልገው እንደሆነም ተገምቷል።

ስለዚህ ልጅ ተኝቶ ሲታከም የአላርሙ ገደብ በዕድሜው ይሞላ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለሕመሙ ሲባል መቀየር ካለበት ሐኪሙ ይወስን፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ። ተረኛ ስንቀያየር ገደቡንም እንነጋገር።

ሞኒተሩን በከንቱ የሚያስጮህብን ሁለተኛው ጠላታችን ላብ ነው። በድሬ ሙቀት ደረት ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ፣ የልብ ምት የሚያነበው ተለጣፊ፣ ስንት ሰዓት ይቆያል? በየቀኑ ቀይሩ ይባላል። ስቶር ሄዳችሁ ጠይቁ እስቲ! ቢያንስ ቆዳውን አድርቀን እንለጥፍ። የደም ኦክስጅንን በብርሃን የሚለካው የአዋቂ የጣት ፕሮብም ለጨቅላ አይሆንም፤ እግሩን ባወራጨ ቁጥር ይወልቃል። ጣቱ ጥቁር ሂና ከተቀባ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ባዮሜዲካሎች፣ የደም ኦክስጅኑ ለአፍታ ዝቅ ብሎ ሲመለስ እንዳይጮህ አላርሙን ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ ማስተካከያ ብዙ ሞኒተሮች ላይ አለ። አሳዩን። ሐኪሞች ደግሞ፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ እየሮጠ የሚጫወት ልጅ ሞኒተር ላይ ምን ይሠራል? ንቀሉልን።

ዛሬ ማታ ተረኛ የሆናችሁ፣ አንድ አልጋ ምረጡና ገደቡ ስንት ላይ እንዳለ አንብቡ። ጠዋት ቁጥሩን ይዛችሁ እንገናኝ። አመሰግናለሁ።