አንድ ሰዓት ስንት ነው?

ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) ለሚወጡ እጩ መምህራን ሽኝት የተዘጋጀ ንግግር

ክቡር የኮሌጃችን ዲን፣ የሬጅስትራር ባልደረቦቻችን፣ የሥራ ጓደኞቼ መምህራን፣ ነገ ጠዋት ወደ አጋር ትምህርት ቤቶች የምትሰማሩ እጩ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዲናችን ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት የአካዳሚክ ደንቡን ያብራሩላቸው፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃዎታል» አሉኝ። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ሰባት ነጥቦች አሉ። ምዝገባ፣ አድ ኤንድ ድሮፕ፣ የክፍል ክትትል፣ የውጤት አሰጣጥ፣ ማስጠንቀቂያና ስንብት፣ ድጋሚ ቅበላ፣ በመጨረሻም ክሬዲት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የመጣሁት ለመጨረሻው ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ፤ ስድስቱ ደግሞ ጊዜ ከተረፈ ይደርሳቸዋል። ዲናችን ይህን ሲሰሙ እንደማይደነግጡ አውቃለሁ፤ ለምደውኛል።

በዚህ ግቢ «ስንት ክሬዲት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ስለ ምንድን ነው?» ከሚለው ይቀድማል። አንድ ጊዜ ሚድ ፈተና መልሼ አንዱን ተማሪ ለብቻው ጠራሁትና ምን እንደነካው ጠየቅሁት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ባለ ሁለት ነው እኮ፣ መምህር» ብሎ አጽናናኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ኮርሱን በክብደቱ እንዲያውቀው ያስተማርነው እኛ ነን።

ለመሆኑ ይህ ክሬዲት አወር የምንለው የኮርስ መለኪያ ከየት መጣ? ከጡረታ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካው የብረት ቱጃር አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ታዲያ ኮሌጅ የሚባለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበረባቸው፤ አለዚያ ስሙን በሩ ላይ የለጠፈ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። በሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ 14 ዩኒት የተማረውን ብቻ የሚቀበል ኮሌጅ ነው ጡረታው የሚደርሰው አሉ። አንዱ ዩኒት በዓመት 120 ሰዓት ገደማ ክፍል ውስጥ መማር ነው። የሰዓት ቆጠራው ውሎ አድሮ ወደ ኮሌጆቹ የራሳቸው ኮርሶች ተሻገረ። መለኪያው ሲበጅ የታሰበው መምህሩ አርጅቶ ጦሙን እንዳያድር ነው፤ ተማሪው ምን ያህል እንዳወቀ ለመመዘን አልነበረም። እኔ ለጡረታ ሁለት ዓመት ስለቀረኝ ካርኔጊን አልወቅሰውም።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1989 ኢሲቲኤስ የሚባለውን የራሳቸውን የክሬዲት መለኪያ ሲጀምሩ ነገሩን በተማሪው በኩል አዩት። መምህሩ ስንት ሰዓት አስተማረ የሚለውን ትተው ተማሪው ስንት ሰዓት ሠራ ብለው ቆጠሩ። ዓመቱ 60 ክሬዲት፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት፤ ቤት የሚነበበውም የሚጻፈውም ገብቶበት። መልካም ሐሳብ ነው። እኛም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በሞጁሉ ዘመን ተቀበልነው።

እንዴት እንደተቀበልነው ግን እዚህ የተቀመጣችሁ አንጋፋዎች አትረሱትም። ያቺን ቅዳሜ! ካሪኩለሙን ይዘን ስብሰባ አዳራሽ ገባን። ሦስት ክሬዲት አወሩን በአምስት ሦስተኛ አባዝተን 5 አልነው። አራቱን አባዛን፣ 6 ነጥብ ምናምን ሲመጣ አጠጋግተን 7 አልነው። የሴሚስተሩ 18 ክሬዲት 30 ሆኖ ቁጭ አለ። ካልኩሌተሩ የማን እንደነበረ አልናገርም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረስን። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ፣ «ተማሪው በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አንድ ተማሪ ጠርተን እንጠይቅ» አላለም። እኔም አላልኩም።

ፕራክቲከሙም በዚያው ካልኩሌተር አለፈ። ደንባችን የሌክቸሩን አንድ ሰዓት አንድ ክሬዲት አወር ይለዋል፤ ከተግባሩ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተደምሮ ነው አንድ የሚሆነው። ይህ ለቤተ ሙከራ የተጻፈ ስሌት ነው፤ እዚያ ውሃው እስኪፈላ ቆሞ መጠበቅም አለና ይገባኛል። ማስተማር ግን «ተግባር» ተብሎ እዚያው መደብ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ነገ ሰባ ልጅ ፊት ቆማችሁ የምታስተምሩት አንድ ሰዓት፣ እዚህ ተቀምጣችሁ እኔ ስለ ማስተማር ስለፈልፍ ከምትሰሙት አንድ ሰዓት ሲሶው ነው። መምህር በሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው።

ሲሶ ካልኩ ዘንድ አንዲት ልጅ ላንሣ። ስሟን አልጠራም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። አሥራ አራት እጩ መምህራን ደርሰውኝ በአምስት ትምህርት ቤት ተበታትነው ነበር። እሷ የደረሳት 5ኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ። ሳልነግራት ሄድኩና ከኋላ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ 74 ናቸው። ስታየኝ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ አንሥታ ቀጠለች።

ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው። «ከግማሽና ከሲሶ የትኛው ይበልጣል?» አለች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ሲሶ!» አለ። ለምን? «ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥ!» ግማሹ ክፍል ጮኸ፤ «ልክ ነው!» እኔ ከኋላ ሆኜ የምልከታ ቅጹን ይዣለሁ። ቅጹ ላይ «የተማሪን ስሕተት ወዲያውኑ ያርማል/ታርማለች» የሚል ረድፍ አለ፤ አምስት ነጥብ ይይዛል። ብዕሬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

አላረመችውም። ወደ ውጭ ይዛው ወጣች! እሱንና አምስት ልጆች ጨምራ። እኔም ተከተልኩ። በር ላይ ሁለት የልብስ ማድረቂያ ገመድ መሬት ላይ ዘርግታለች፤ እኩል ርዝመት ናቸው፤ ለካ ጠዋት አስቀድማ አዘጋጅታ ኖሯል። አንዱን ገመድ ሁለት ልጆች እኩል እንዲካፈሉት፣ ሌላውን ሦስት ልጆች እኩል እንዲካፈሉት አደረገችና ያንን ትንሽ ልጅ፣ «አንተ የቱ ጋ መቆም ትፈልጋለህ?» አለችው። ልጁ ገመዶቹን አየ። ልጆቹን ቆጠረ። ቀስ ብሎ ሁለቱ ወዳሉበት መራመድ ሲጀምር በመስኮት የተንጠለጠሉት ስልሳ ምናምን ልጆች በሳቅ ፈነዱ። እሱም ሳቀ። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነበር፤ ይህ ሁሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቅጹ ላይ ምን ብዬ እንደምሞላ ግራ ገባኝ።

ስጨርስ ደብተሯን አሳየችኝ፤ አስይዣት አይደለም፣ በራሷ ነው። በየቀኑ የሠራችበትን ሰዓት ጽፋለች። ስምንት ሳምንት ሲሞላ አብረን ደመርነው። ትምህርት ቤት የዋለችው 176 ሰዓት፤ የትምህርት ዕቅድና መርጃ መሣሪያ ስታዘጋጅ ያመሸችው 72፤ የ74 ልጆች ደብተር ስታርም 40። ድምሩ 288 ሰዓት። ይህ እንግዲህ ባለ ሦስት ክሬዲት ነው።

በዚያው ዓመት «የክፍል አያያዝ» የሚባል ሌላ ባለ ሦስት ኮርስ ወስዳለች፤ አስተማሪው እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ አሥራ ስድስት ሳምንት፤ 48 ሰዓት። ቤት ያጠናችውንም ቁጠሩ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ኢሲቲኤሱ የፈቀደውን ሁሉ ልስጣችሁ፤ 5 በ30፣ 150 ሰዓት። ሃንድአውቴን ይህን ያህል ያጠና ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም እንጂ ይሁን። ስለ ክፍል አያያዝ የሰማችው 150፣ ክፍል የያዘችው 288፤ በሬጅስትራሩ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም 3 ናቸው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ እሷ ነው። አሁን ስለ እኔ።

ፕራክቲከም መከታተል በመምህሩ ሎድ፣ ማለትም በሥራ ድርሻው ላይ ምን ያህል ይያዛል? መምህራን ታውቃላችሁ፤ ስለምታውቁ ነው አሁን ወለሉን የምታዩት። ያን ሴሚስተር የሌክቸር ሎዴ ሞልቶ ነበር። አሥራ አራቱን ልጆች የምከታተለው በትርፍ ሰዓቴ፣ በራሴ የታክሲ ሒሳብ ነው። የማይቆጠር ሥራ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ታውቁታላችሁ፤ ከመሳቢያው ግርጌ። የሷና የሦስት ጓደኞቿ ውጤት ከሚድ ወረቀቶች ሥር ተቀብሮ ቀኑ አለፈ። የሦስቱን የትምህርት ቤቱ መምህር በሌላ ቅጽ ልኮት ስለነበር ተረፉ። የእሷ ላይ ኤንጂ፣ ማለትም «ግሬድ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ኤንጂው በጊዜው ስላልተነሣ በደንቡ መሠረት ኤፍ ሆነ። እኔ ወረቀቱን ያገኘሁት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።

የግሬድ ለውጥ ቅጽ ሞላሁ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩ። «ጊዜው አልፏል፤ ደንብ ደንብ ነው» ተባልኩ። ፕራክቲከሙ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ጓደኞቿ ጋውን ሲለብሱ እሷ አንድ ዓመት ቤቷ ተቀመጠች። በዓመቱ ተመልሳ እዚያው ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ክፍልፋይ አስተምራ ኤ አገኘች። ያ ትንሽ ልጅ ወደ 6ኛ ክፍል አልፎ ነበር።

እዚህ ጋ ዝም እንደምትሉ አውቃለሁ። የምታጨበጭቡት ለዚህ ከሆነ አጨብጭቡ፤ ለተማሪው የጊዜ ገደብ የጻፈ ደንብ ለመምህሩ አልጻፈም። ወረቀት ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ኤፍ የተሰጣት እሷ ናት። እሷ ዓመት ከሰረች፣ እኔ ደመወዜን በልቻለሁ፤ እርከንም ጨምሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ደንብ ብለን በቆዳ ጠርዘን ሼልፍ ላይ ካስቀመጥነው፣ ነገ እናንተ በየክፍላችሁ የልጅ ውጤት ስትሞሉ «ደንብ ደንብ ነው» ብትሉ የምወቅሳችሁ በምን አፌ ነው?

ይህች አገር ይህን የማታውቅ አይደለችም። በ1957 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር፣ ተማሪው አንድ ዓመት ሙሉ አገር ቤት ወርዶ ሳያገለግል ዲግሪ አይሰጠውም ነበር፤ አብዛኛውም ያገለገለው በማስተማር ነው። የሕግ ተማሪውም ሳይቀር ሄዷል። የማስተማርን አንድ ዓመት የዲግሪው አንድ አካል ያደረጉት ለሌላው ሙያ ተማሪ ነው። እኛ መምህር ለሚሆነው ስንት እንደሰጠን አሁን ቆጠርን።

ስለዚህ የሴኔት ሌጂስሌሽኑ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ደንብ ሲከለስ የማመለክተውን እዚሁ እናገራለሁ፤ ሬጅስትራሮቹም ስላሉ ይያዝልኝ። ልጆች ፊት የተቆመ አንድ ሰዓት ቢያንስ እንደ አንድ ሰዓት ይቆጠር። ሲሶ የሚለው ለቤተ ሙከራ ይቅር። የሱፐርቫይዘሩ ሥራ ሎዱ ላይ ይግባ፤ ካልገባ አሥር ደቂቃ ከኋላ ተቀምጦ ቅጽ ሞልቶ የሚሄደውን ሰው መውቀስ አንችልም፤ አንዳንዱ ዓመት እኔም እሱን ነበርኩ። ኤንጂም መምህሩ በጽሑፍ ሳይጠየቅ ወደ ኤፍ አይለወጥ። ባለፈው ክለሳ ይህን ሦስተኛውን ሳቀርብ «ሲስተሙ አይቀበልም» ተብያለሁ። ሲስተሙን የሠራው ሰው ነው፤ ስሙን ንገሩኝና ቡና ጋብዤው አናግረዋለሁ።

አሁን ስድስቱ።

ምዝገባ፤ በቀኑ ተመዝገቡ፣ ስሊፓችሁን አትጣሉ። አድ ኤንድ ድሮፕ፤ ፕራክቲከምን ድሮፕ ማድረግ አይቻልም፣ ስለዚህ አትጠይቁ። የክፍል ክትትል፤ በትምህርት ቤቱ ፊርማ ነው የምትያዙት፤ ጓደኛ አይፈርምላችሁም። ውጤት፤ ግሬድ ፖይንታችሁ በክሬዲቱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላል፤ ሲጂፒኤ፣ ማለትም አጠቃላይ አማካዩ ከ2 ነጥብ ዜሮ በታች ከወረደ አይመረቅም። ማስጠንቀቂያ፣ ስንብትና ድጋሚ ቅበላ፤ በሃንድቡኩ ላይ በዝርዝር አለ፣ አንብቡት፤ የማይገባችሁ ካለ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልስ እስክታገኙም ከመስኮቱ አትነሡ።

አንድ ነገር ቀርቷል። መውጫው በር ላይ በካርቶን የተደረደሩ ደብተሮች አሉ፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ባለ 50 ሉክ። በየቀኑ የሠራችሁበትን ሰዓት ጻፉበት፤ የዋላችሁበትን ለብቻ፣ ያመሻችሁበትን ለብቻ፣ ያረማችሁበትን ለብቻ። አታጋንኑ፤ የተኛችሁበትንም አትቁጠሩ። ስምንት ሳምንቱ ሲያልቅ ለዲፓርትመንት ጸሐፊ ሳይሆን ለእኔ በእጄ ስጡኝ። ስንቀበል ቀን ጽፈን እንፈራረማለን፤ እናንተም እኔም። ሴኔት ስገባ ይዤው የምገባው እሱን ነው።

አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከዋናው በር ይነሣል።