የገበሬው ብልሃት ከማን ነው?

አቅራቢ 1፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንወያየው በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ከቁጥር 23 እስከ 29 ስላለው የገበሬ ምሳሌ ነው። መምህር፣ ምዕራፉ የሚጀምረው በኤፍሬም፣ ማለትም በሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት፣ ሰካራሞች ላይ በተነገረ ወዮታ ነው፤ ነቢዩ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እርሻ የሚሻገረው ስለ ምንድን ነው?

አቅራቢ 2፦ እህቴ፣ ዘመኑ አሦር አገሩን ያስጨነቀበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ የወደቀችው የኤፍሬም ዋና ከተማ ሰማርያም ጥፋቷ የተነገረበት ዘመን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «እግዚአብሔር ጨርሶ ሊያጠፋን ነውን?» የሚል አይጠፋም። ነቢዩ ደግሞ ሊዘራ ያሰበ ገበሬ ሁልጊዜ ሲያርስ ይኖራልን ብሎ ይጠይቃል። አይኖርም፤ ጓሉን ከስክሶ ማሳውን ካስተካከለ በኋላ ጥቁር አዝሙዱንና ከሙኑን ይበትናል፣ ስንዴውንና ገብሱንም በየቦታው ይዘራል። ይህን ብልሃት ያስተማረው አምላኩ እንደ ሆነ ቁጥር 26 በግልጽ ይናገራል።

አቅራቢ 1፦ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የአውድማው ክፍል ነው።

አቅራቢ 2፦ የምሳሌው ልብ እዚያ ነው። የዚያ አገር ማሄጃ ከሥሩ ስለታም ድንጋይ ወይም ብረት የተሰካበት፣ በሬዎች በነዶው ላይ የሚጎትቱት ከባድ ሳንቃ ነበር። ጥቁር አዝሙድ በዚህ ቢወቃ ፍሬው ደቅቆ ከገለባው ጋር ይባክናል፤ ስለዚህ እርሱ በሽመል፣ ከሙኑም በበትር ይመታል። ስንዴው እንኳ፣ የሰረገላውን መንኰራኵር የሚችል ቢሆንም፣ ያለ ማቋረጥ አይሄድበትም። ጤፍ በበሬ ሲወቃ ያየ አድማጭ ይህን አይስተውም፤ ገበሬው የሚፈልገው ፍሬውን ነውና በሬዎቹን ከአውድማ የሚያወጣበትን ሰዓት ያውቃል። ለገበሬው መጠኑን ያስተማረ አምላክ እርሱ ራሱ ያለ መጠን አይመታም፤ ቁጥር 29 ምክሩን ድንቅ፣ ጥበቡንም ታላቅ የሚለው ስለዚህ ነው።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ መከራ ሁሉ የእግዚአብሔር መውቂያ ነው ልንል እንችላለን?

አቅራቢ 2፦ አንችልም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አሞጽ በመጀመሪያው ምዕራፍ ደማስቆን የሚከስሳት የእስራኤልን ምድር ገለዓድን በብረት ማሄጃ ስላሄደች ነው፤ እግዚአብሔር ያን ጭካኔ ፈረደበት እንጂ የእኔ ሥራ ነው አላለም። ኢሳይያስ የተናገረው በቃል ኪዳን ሕዝቡ ላይ ስለሚመጣ ፍርድ ነው፤ ልጁን የቀበረ ጎረቤታችንን «እየተወቃህ ነው» እንድንለው ይህ ምዕራፍ ፈቃድ አይሰጠንም።