ስልክ ሲበላሽ ለምን "አዲስ ግዛ" እንባላለን? የአውሮፓ የጥገና ህግ በቀላሉ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ጥገና ነው የምናወራው።

[ምስል፦ ጀርባው የተከፈተ ስልክ]

የስልካችሁ ባትሪ ደከመና ጠጋኝ ጋር ወሰዳችሁት እንበል፣ ባትሪው በሙጫ ተለጥፏል፣ ጀርባው በሙቀት ካልላላ አይነሳም፣ ሲነሳ ደግሞ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ "አዲስ ብትገዙ ይሻላል" ትባላላችሁ። ስክሪኑም ካሜራውም ቦርዱም ደህና የሆነ ስልክ በአንድ ባትሪ ምክንያት ተጣለ ማለት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አንድ ስልክ በእድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ሲመረት ነው፣ ማዕድኑ ሲቆፈር ቺፑ ሲሰራ፣ እኛ ቻርጅ ስናደርገው አይደለም።

መንግስታት ይሄን ካወቁ ቆይተዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልንገራችሁ፣ 1992 ሪዮ ላይ የጸደቀው አጀንዳ 21 የሚባለው የተባበሩት መንግስታት እቅድ ስለ ፍጆታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፣ 2002 ጆሃንስበርግ ላይ እንደገና ተወራ፣ 2012 ስለ ዘላቂ ፍጆታና ምርት የአስር ዓመት ማዕቀፍ ወጣ፣ 2015 ላይ ደግሞ ከዘላቂ የልማት ግቦች 12ኛው ይሄው ሆነ። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አንዱም አምራቹን አያስገድድም። እስከዛ "አስባችሁ ግዙ" የሚባለው ገዢው ነው፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ የትኛው ስልክ በቀላሉ እንደሚፈታ፣ የቱ መለዋወጫ እንዳለው በምን ይወቅ?

[ስክሪን ላይ፦ ፈረንሳይ፣ 2021]

ፈረንሳዮች እዚህ ጋ ነው ጎበዝ የሆኑት። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቲቪ፣ ልብስ ማጠቢያ ሲሸጥ ለጥገና ከ10 ስንት እንዳገኘ ዋጋው አጠገብ መለጠፍ ግዴታ ሆነ። ነጥቡ ሲሰጥ የሚታየው፣ ለመፍታት ይከብዳል ወይ፣ ተራ ካቻቢቴ ይበቃዋል ወይስ ልዩ መሳሪያ ይፈልጋል፣ መለዋወጫው ለስንት ዓመት ይገኛል፣ ስንትስ ነው? የመለዋወጫው ዋጋ ከአዲሱ እቃ ዋጋ 30 በመቶ ካለፈ በዋጋ በኩል ዜሮ ነው የሚያገኘው። እኔ የወደድኩት ይሄን ነው፣ መለዋወጫ አለ ተብሎ ማንም በማይገዛው ዋጋ ከተሸጠ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ድክመቱ ነጥቡን የሚያሰላው ራሱ አምራቹ መሆኑ ነው። 2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ የጥገና ቦነስ ጀመሩ፣ ፈረንሳይ ያላችሁ ኳሊሬፓር የሚል ምልክት ያለው ጥገና ቤት ፈልጉ፣ ቅናሹ እዛው ከሂሳቡ ላይ ይነሳላችኋል፣ ገንዘቡ ከአምራቾች መዋጮ ነው የሚመጣው።

ከዛ ነገሩ ወደ አውሮፓ ህብረት አደገ። ከጁን 20 2025 ጀምሮ እዛ ገበያ የሚገባ አዲስ ስልክ የሞዴሉ ሽያጭ ካቆመ በኋላም 7 ዓመት መለዋወጫ ሊኖረው ይገባል፣ የሲስተም አፕዴት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ባትሪው ደግሞ 800 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም 80 በመቶ መያዝ አለበት። በ2024 የጸደቀው የጥገና መብት ህግ ደግሞ ከጁላይ 31 2026 ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ ዋስትና ውስጥ እያላችሁ በአዲስ ይቀየርልኝ ከማለት ይጠገንልኝ ካላችሁ ዋስትናው አንድ ዓመት ይጨመርላችኋል።

"ታዲያ እኛን ምን አገባን" የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ጠጋኝ በዚህ ህግ አምራቹን መለዋወጫ ላክልኝ ብሎ ማስገደድ አይችልም፣ ይሄ ያሳዝናል። ግን ቻርጀሩን አስታውሱ፣ አውሮፓ ዩኤስቢ ሲ ግዴታ ነው ስትል አይፎን 15 በ2023 ለሁሉም አገር ነው ዩኤስቢ ሲ ይዞ የመጣው። አምራች ለአንድ ገበያ ብሎ ሁለት አይነት ስልክ መስራት አይወድም።

ስለዚህ ዱባይም ሁኑ ዲሲ፣ ለቤተሰብ ስልክ ልትገዙ ስትሉ የሞዴሉን የአውሮፓ ሌብል፣ እዛ ሲሸጥ አብሮት የሚቀርበውን መለያ፣ ኦንላይን ፈልጉት፣ ከኤ እስከ ኢ ለጥገና የተሰጠ ፊደል አለው፣ ካሜራውን ከማየታችሁ በፊት እሱን እዩ።