ከስሙ በፊት ቦታውን ጻፉ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችና ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ቅዳሜ ቅሪተ አካል ያለባቸውን ድንጋዮች ልንለቅም አብረን ወደ ብሬይድዉድ እንወርዳለን። ከዚህ ከቺካጎ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ይህ አገር በቅሪተ አካል ዓለም ሜዞን ክሪክ በሚል ስም ይታወቃል። ከመሄዳችን በፊት ዛሬ ላሳስባችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ያገኛችሁትን ድንጋይ ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ያገኛችሁበትን ቦታ ጻፉ።

የዛሬ 309 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያ ሜዳ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ረግረግ ነበር። ወንዙ ጭቃ እያመጣ ሲያራግፍ ሽሪምፑ፣ ትሉ፣ ጄሊፊሹና የፈርን ቅጠሉ ሁሉ ከሥሩ ተቀበረ። ሬሳው መበስበስ ሲጀምር በዙሪያው ያለው የውሃ ባሕርይ ተለወጠ፤ በጭቃው ውስጥ የነበረው ብረት ሲደራይት የሚባል ማዕድን ሆነና ሬሳውን እንደ ድቡልቡል ድንጋይ ከበበው። ይህ የሆነው ጭቃው ተጭኖ ሳይጨፈልቀው በመሆኑ አጥንት የሌለው ለስላሳ ፍጥረት ሳይቀር ቅርጹ ተርፏል። እነዚህ ድቡልቡል ድንጋዮች በብዛት ወደ ላይ የወጡት በድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እጅ ነው። ከሰሉ ጋ ለመድረስ በላዩ ያለውን አለት ገልብጠው ከመሩት፤ እኛም የምንለቅመው ከዚያ ክምር ነው።

ልጆች፣ መዶሻ እንዳትቸኩሉ! ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ አውጥታችሁ እንዲቀልጥ ተዉት፤ ደግሞ መልሱት። በስንጥቁ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ድንጋዩን ይገፋዋል። ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ደካማ በሆነበት በኩል ነው፤ እሱም ፍጥረቱ የተኛበት ነው። ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ አትዘኑ። ውስጡ የሆነ ነገር ካለ ደግሞ ሁለቱም ግማሾች ያስፈልጋሉ። በአንዱ ላይ የማይታየው እግር በሌላው ላይ ይታያልና ሁለቱንም በአንድ ቁጥር መዝግቡ፣ አታለያዩ።

አሁን ወደ ሽሪምፕ መሰሎቹ ልምጣ። መጀመሪያ የሚታየው ጀርባ ነው። ራሱንና ደረቱን አንድ ላይ የሸፈነ ጋሻ ካለው፣ ምናልባት ቤሎቴልሰን ነው። ጋሻ ከሌለውና ቀለበት ቀለበት የሆነው አካሉ ከራሱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ከታየ፣ ከአካንቶቴልሰን ወይም ከፓሌዮካሪስ አንዱ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ጅራታቸው ነው፤ የአካንቶቴልሰን ጅራት ረጃጅምና ሹል እሾኾች ሲሆን የፓሌዮካሪስ ግን ሰፋ ብሎ ማራገቢያ ይመስላል። ጋሻ የሌላቸው የእነዚህ ዘመዶች እስከ ዛሬ በታዝማኒያ ተራሮች ጅረትና ሐይቅ ውስጥ ይኖራሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ነገር ግን ጅራቱ የተቆረጠ፣ ጀርባው የደበዘዘ ናሙና ቢገጥማችሁስ? ያን ጊዜ የሚረዳችሁ ቦታው ነው። የሜዞን ክሪክ ፍጥረታት በሁለት ይከፈላሉ፦ የባሕር ውሃ ይደርስበት የነበረው ኤሴክስ የሚባለውና ወደ የብስ የቀረበው፣ በከተማው ስም ብሬይድዉድ የሚባለው። ቤሎቴልሰን በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያው ነው፤ ጋሻ አልባዎቹ የሚበዙት በሁለተኛው። ስለዚህ ከየትኛው ጉድጓድ ክምር እንደተለቀመ ካልተጻፈ ግማሹ ማስረጃ የለም። ስም በኋላም ይገኛል፤ የሚያውቅ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም አይቶ ያርመዋል። ድንጋዩን አገላብጦ ቦታውን የሚያነብ ሊቅ ግን የለም።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። ድንቅነሽ የምንላት ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ስትገኝ የሳይንስ ስም አልነበራትም። አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የሚለው ስም የወጣው በ1978 ነው። ቁጥሯ ግን ኤ.ኤል. 288-1 ነው፤ አፋር ውስጥ 288ኛው ስፍራ፣ የመጀመሪያው ናሙና ማለት ነው። ስሙ እስኪወጣ ድረስ የተገኘችበት ቦታ በቁጥሯ ውስጥ ተጽፎ ቆየ። በጣት የሚያዝ ሽሪምፕም ይኸው ክብር ይገባዋል።

ካርዱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያገኘውን ሰውና ቁጥሩን ጻፉ። ስሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ ጥያቄ ምልክት አያሳፍርም። ናሙናውን አይቶ ይህ ነው ብሎ የለየው ሰው ማን እንደሆነም ይጻፍ። በቀኑ ላይ በተለይ እኛ እንጠንቀቅ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ እኛ ቀኑን፤ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከእነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ወሩን በፊደል ጻፉት፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ። በአማርኛ የጻፋችሁትን ከሥሩ በእንግሊዝኛ ድገሙት፤ ነገ ሙዚየም ቢገባ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። እስክሪብቶ ይደበዝዛልና እርሳስ ይሻላል። ካርድ ከድንጋዩ ሊለይ ስለሚችልም ቁጥሩን ቅሪቱ በሌለበት ጎን ድንጋዩ ላይ አስፍሩት። ሙዚየሞች መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ጥርት ያለ ማጣበቂያ ቀብተው በላዩ በቀለም ይጽፋሉ፤ አስፈላጊ ሲሆን ድንጋዩን ሳይጎዳ ይነሣል።

የመልቀሚያ ፈቃድ ሳንይዝ ወደ ክምሩ አንወጣም፤ ስማችሁን ዛሬ አስመዝግቡ። ባዶ ካርዶችና እርሳሶች በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ እስር ውሰዱ። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት እንገናኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። አመሰግናለሁ።