የሰሜን እንግሊዝ ቃላት ከየት መጡ?

ክቡራትና ክቡራን፣ በሰሜን እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖቼ፤

ማንቸስተር በገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ በተማርሁት እንግሊዝኛ ትንሽ ክብ ዳቦ ብጠይቅ፣ ሻጯ «ባርም ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። ቃሉን ስለማላውቀው በጣቴ አሳየኋት። ያው ዳቦ ኖቲንግሃም ላይ «ኮብ»፣ ኮቨንትሪ ላይ «ባች»፣ ስኮትላንድ ውስጥ «ባፕ» ይባላል። ባርም በመሠረቱ ቢራ ሲብላላ ከላዩ የሚንሳፈፈው አረፋ ስም ሲሆን፣ ጋጋሪዎች ሊጣቸውን የሚያቦኩት በእርሱ ስለነበር የእርሾው ስም ለዳቦው ተረፈ።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያሉትን ቃላት ያልተማረ ሰው ያበላሸው እንግሊዝኛ አድርገን እንወስዳቸዋለን፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ግምቱ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በ865 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ፣ ከኖርዌይና ከስዊድን አካባቢ በባሕር እየመጡ ይወርሩ የነበሩት የቫይኪንጎች ታላቅ ጦር እንግሊዝ ገባ፤ በዓመቱም ዮርክን ያዘ። ወታደሮቹ ውለው አድረው መሬት ተከፋፍለው ማረስ ጀመሩ፤ ከአገሬው ጋር ሲገበያዩና ሲዋለዱም ቋንቋቸው ከአገሬው ቋንቋ ጋር ተቀላቀለ። በዮርክሸርና በኩምብሪያ ጅረት «ቤክ» የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ወደ ኒውካስልና ወደ ስኮትላንድ ሲወጡ «በርን»፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱ «ብሩክ» ይሆናል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የጥንቱ እንግሊዝኛ ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ «ሌክ» የሚለው የዮርክሸር ቃል ነው። መጫወት ማለት ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ግን ሥራ ጠፍቶ ቤት መዋልንም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። ስዊድኖች እስከ ዛሬ መጫወትን «ሌካ» ይላሉ።

ለእነዚህ ቃላት የደከመው ጆሴፍ ራይት በ1855 በብራድፎርድ አጠገብ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ አህያ ነጂ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ፋብሪካ ገብቶ ክር የሞላውን ማጠንጠኛ እያነሣ ባዶውን ይተካ ነበር። ማንበብ የቻለው 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ይኸው ሰው በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደረሰ፤ ከ1898 እስከ 1905 ድረስም የእንግሊዝኛ ዘዬዎችን መዝገበ ቃላት በስድስት ቅጽ አሳተመ። በልጅነቱ አፉን የፈታው በዮርክሸር ዘዬ ነበርና፣ የመዘገበውን ነገር ከውስጥ ያውቀዋል።

ከ1950 እስከ 1961 ደግሞ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሃሮልድ ኦርተን መሪነት 313 ሥፍራዎችን እየዞሩ ጠየቁ። ጠያቂው ቃሉን ራሱ አይጠራም፤ ነገሩን እያሳየ ወይም እየገለጸ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ይላል። መላሾቹ በአብዛኛው ዕድሜያቸውን በገጠር ያሳለፉ አዛውንቶች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጆቻችሁ በቤቶች መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ «ጊነል» ብለው ከትምህርት ቤት ሲመጡ አታርሟቸው፤ የሚኖሩበት አገር የሚጠራት እንደዚያ ነውና።

አመሰግናለሁ።