300 ቆሮሶ በባይት ሲጻፍ

(ምስል፦ አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፤ ከጀልባ ዓሣ ሲወርድ።)

ተራኪ፦ ከዚህ ወደብ ወደ አንድ ምግብ ቤት አጭር መልእክት ተልኳል እንበል፤ የቦታው ስም ሐዋሳ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ብዛት 300፣ ክፍያው የተፈጸመ። ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገረው ግን የባይቶች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ሲሆን፣ የትኛው የስም፣ የትኛው የብዛት እንደሆነ የሚታወቀው ላኪና ተቀባይ አስቀድመው በተስማሙበት ደንብ ብቻ ነው።

ለክፍያው አንድ ባይት ይበቃል፤ 1 ከሆነ ተከፍሏል፣ 0 ከሆነ አልተከፈለም።

(ምስል፦ አራት ሣጥኖች፤ 0፣ 0፣ 1፣ 44።)

ብዛቱ በ4 ባይት ሲጻፍ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው 1 የሚቆመው ለ256 ነውና፣ 256 ላይ 44 ተደምሮ 300 ስለሚሆን፣ እንደምታዩት ይሰፍራል፤ ይህ ከፍተኛ ዋጋ ያለው የባይት ቦታ የሚቀድምበት ደንብ ነው። ተቀባዩ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቦታ ይቀድማል ብሎ ካነበበው ግን፣ አንድም ባይት ሳይጠፋና ሳይበላሽ፣ 738,263,040 ቆሮሶ ይታዘዛል።

ፕሮቶኮል በፈርስ የተባለው የጉግል ቅርጸት ትንንሽ ቁጥሮችን በቁጠባ ይጽፋል። አንድ ባይት 8 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚይዙ 8 ቦታዎች አሉት፤ ከእነዚህ 7ቱ ለቁጥሩ ይውላሉ፤ 8ኛው ቢት ሌላ ባይት መከተል አለመከተሉን ያመለክታል። በዚህ መንገድ 300 ሁለት ባይት ብቻ፣ ማለትም 172 እና 2 ይሆናል፤ ከ172 ላይ የምልክቱን 128 ስንቀንስ 44 ይቀራል፣ 2 ደግሞ በ128 ተባዝቶ 256 ይሰጣል።

(ምስል፦ «ሐዋሳ» የሚለው ቃል፤ ከሥሩ ዘጠኝ ሣጥኖች።)

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጥንቃቄ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ከጽሑፍ በፊት ርዝመቱ ይጻፋል፤ የሚቆጠረው ግን ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። በየዕለቱ የምንጽፍባቸው የግእዝ ፊደላት ፊደልን በባይት በሚጽፈው የዩቲኤፍ-8 ደንብ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ስለሚወስዱ፣ የሐዋሳ ርዝመት 9 ነው። ፊደል ቆጥሮ 3 ብሎ የጻፈ ባለሙያ ተቀባዩ «ሐ»ን ብቻ እንዲያነብ፣ ከቀሩት 6 ባይቶችም የመጀመሪያዎቹን 4 የዓሣ ብዛት አድርጎ እንዲወስድ ያደርገዋል። እኔም በዚህ ስሕተት ሙሉ ቀን ቁጥሩ ላይ ስፈልግ ውያለሁ፤ ጥፋቱ ከቁጥሩ በፊት ባለው ስም ላይ ነበር።

ርዝመቱ ትክክል ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። ብዙዎቻችን የከተማዋን ስም በሃሌታው «ሀ» እንጽፋለን። ያኔም ርዝመቱ 9 ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ሦስተኛ ባይት ግን ከ144 ወደ 128 ይለወጣል። የምንሰማው አንድ ስም ቢሆንም፣ ባይት ከባይት የሚያስተያየው ፕሮግራም ሁለት ከተማ አድርጎ ይመዘግበዋል።