ለአጥንቱ የመርከብ ገንዘብ ተገኘ

የተከበራችሁ የንባብ ክበባችን አባላት፣ ከአቡ ዳቢና ከሻርጃ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሰብሳቢያችን አሥር ደቂቃ ብላኛለች። እናንተ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። አምና አሥር ደቂቃ ተብዬ ድፎ ዳቦው እስኪደርቅ ነው ያወራሁት። ዘንድሮ ጽፌ መጥቻለሁ። ከወረቀቱ ከወጣሁ በጭብጨባ አስቁሙኝ።

ዛሬ ነሐሴ 24 ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 30። ፊሊፒኖች ይህን ቀን የፕሬስ ነፃነት ቀን ብለው በሕግ ደንግገውታል። አንድ ጋዜጠኛቸው የተወለደበት ቀን ስለሆነ ነው። ማርሴሎ ዴል ፒላር ይባላል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንጣላ። የተወለደው በ1850 ነው። የብዕር ስሙ ፕላሪደል። ዴል ፒላር የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ፊደላት ገለባብጦ የሠራው ስም ነው።

ደራሲውን ሆሴ ሪዛልን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ፊሊፒኖች ሐውልቱን በየአደባባዩ ያቆሙለት ሰው እሱ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሌላኛው ለማውራት ነው። እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ።

እዚህ አገር የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት በአንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። ሄድ፣ መጣ፣ ሄድ፣ መጣ። ስምንት ሰዓት እንዲህ ከቆምክ ወይ ታወራለህ ወይ ታብዳለህ። ከኔ ጋር የሚያጥፈው በዕድሜ የሚበልጠኝ ፊሊፒናዊ ነበር። ኩያ እለው ነበር። በነሱ ቋንቋ ጋሼ እንደማለት ነው። አገሩ ቡላካን ነው፣ ከማኒላ በስተ ሰሜን።

የክበባችን መጽሔት ያኔ በፎቶ ኮፒ ነበር የምትወጣው። አንድ ሌሊት በእረፍት ሰዓት ገጾቹን ስሰፋቸው ኩያ አየኝ። "ምንድን ነው?" አለኝ። መጽሔት ነው፣ አዘጋጁ እኔ ነኝ አልኩት። ትንሽ ተኩራርቻለሁ። "ይከፍሉሃል ወይስ ትከፍላለህ?" አለኝ። እኔ ነኝ የምከፍለው አልኩት። ሩዙን እያኘከ ሳቀ። "እንግዲያው አንተ ፕላሪደል ነሃ!"

ፕላሪደል ማን እንደሆነ ነግሮኝ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንሶላ አጠፍን። በኋላ እኔም እየፈለግሁ አነበብኩ። ኩያ ብዙ አላጋነነም።

ነገሩ የጀመረው በክርስትና ነው። ዴል ፒላር የሕግ ተማሪ እያለ ማኒላ ውስጥ ክርስትና ሊያነሳ ሄደ። የደብሩ ቄስ ለጥምቀት የጠየቁት ገንዘብ በዛ። ይሄ ልክ አይደለም አለ። 30 ቀን ታሰረ። ትምህርቱም ለዓመታት ተጓተተ። በዚያ ዘመን በፊሊፒንስ ደሴቶች ላይ የነገሡት የስፔን ገዢዎች ብቻ አልነበሩም። ከነሱ በላይ ስፔናውያን መነኮሳት ነበሩ። አጥቢያው በነሱ እጅ፣ ትምህርት ቤቱ በነሱ እጅ። ሰፋፊ እርሻ የነሱ። የሚታተመውን መጽሐፍ የሚመረምሩት እነሱ። ታላቅ ወንድሙ ራሱ ቄስ ነበር፣ የአገሬው ተወላጅ ቄስ። በ1872 ካቪቴ ላይ አመፅ ተነሳ ተብሎ ሦስት የአገሬው ቄሶች በአደባባይ ታንቀው ሲገደሉ፣ ወንድሙን ወደ ማሪያና ደሴቶች አጋዙት።

እና ይህ ሰው ምን አደረገ? ቀለደ።

ቀልዱን ላስረዳችሁ፣ እኔ የምወደው ይሄን ነው። እያንዳንዱ ፊሊፒናዊ በቃሉ የሚያውቀው ጽሑፍ ምንድን ነው? ጸሎት። ስለዚህ የጸሎት መጽሐፍ መስሎ የሚነበብ ትንሽ ጽሑፍ አዘጋጀ። በስፓኒሽ አይደለም፣ በታጋሎግ፣ ገበያተኛዋ በምትሰማው ቋንቋ። አባታችን ሆይ የሚለውን በገዳም የምትኖር የእንጀራ አባታችን ሆይ አለው። ስምህ ይረገም ብሎ ቀጠለ። በታጋሎግ ሳንቲም የሚለው ቃልና ማሪያ የሚለው ስም የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። እሱ ያቺን ድምፅ ቀየራት። ሰላም ለኪ የተባለችው እመቤት ሳንቲም ሆና አረፈችው። የገንዘብ ሳጥን የምትሞላ፣ መነኩሴው ከአጠገቧ የማይጠፋ።

ፊታችሁ ሲጨማደድ ይታየኛል። ቆይ። ሰውዬው እግዚአብሔርን አልሰደበም። የሰደበው ከእግዚአብሔር ስም ስር ገንዘብ ቆጥረው የሚቀበሉትን ነው።

ሌላም አለ። ሪዛል በ1887 በርሊን ላይ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲያሳትም፣ አንድ መነኩሴ "ተጠንቀቁ" የሚል በራሪ ጽሑፍ በተነ። መጽሐፉን ማንበብ ኃጢአት ነው ለማለት ነው። ዴል ፒላር መልስ ጻፈ። ርዕሱን እንዳለ ወስዶ አንዲት ፊደል አወጣለት። በታጋሎግ "ተጠንቀቁ" ከሚለው ቃል ያቺ ፊደል ስትወጣ "እባብ ዓሣ ሁኑ" ይሆናል። ሲይዟት የምታዳልጠዋ ዓሣ። ሰምና ወርቅ ለኛ ብቻ የተሰጠ ይመስለን ነበር።

ይህን ችሎታ ከየት አመጣው? ዱፕሎ የሚሉት የግጥም ሙግት አላቸው። በለቅሶ ቤት ተሰብስበው፣ በበዓል ቀን፣ በግጥም ይመላለሳሉ። እሱ በዚህ የታወቀ ነበር። የዶሮ ፍልሚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ሕዝብ ያስቃል። እያሳቀ ይናገራል።

በ1888 ሊይዙት ሆነ። አመለጠ። ባለቤቱን ማርሲያናንና ሁለት ሴት ልጆቹን፣ ሶፊያንና አኒታን፣ ትቶ ወደ ስፔን ተሻገረ። ጥቂት ጊዜ ነው፣ እመለሳለሁ ብሎ።

ባርሴሎና ላይ በየካቲት 1889 ላ ሶሊዳሪዳድ የምትባል ጋዜጣ ተጀመረች። በየ15 ቀኑ የምትወጣ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ግራሲያኖ ሎፔዝ ሃይና ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጋዜጣዋ ማድሪድ ገብታ ነበር፣ ዴል ፒላርም ተረከባት። ከ150 በላይ እትም ወጥቷል። የሚጠይቁት ብዙም አልነበረም። በስፔን ፓርላማ ወንበር ይኑረን፣ በሕግ ፊት እኩል እንሁን፣ አጥቢያዎቻችንን የአገሬው ቄሶች ይያዙ። ይቺን ለማለት ስድስት ዓመት ከምናምን ጻፈ።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ ማኒላ ካሉ ደጋፊዎች ነበር የሚመጣው። ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ቃል ገብተው ነበር። መጀመሪያ ይመጣል። ከዚያ ይዘገያል። ከዚያ ግማሹ ይመጣል። ከዚያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ገንዘብ የሌለበት። ዴል ፒላር ምሳ መዝለል ጀመረ። ቀጥሎ ራት። የማድሪድ ክረምት ብርዱ ሲጠናበት መንገድ ላይ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ እየለቀመ በዚያ ይሞቅ ነበር ይባላል።

የሕግ ምሩቅ ነው እኮ! የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነው! አገር ቤት በድብቅ ገብታ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈች የምትነበብ ጋዜጣ! ሁሉም "አንብበሃታል?" ይላል። "ከፍለሃል?" የሚል የለም።

አሁን ከወረቀቱ ትንሽ ልወጣ ነው። ሰብሳቢ፣ ይቅርታ።

ወገኖቼ፣ የመጽሔታችንን ያለፈ እትም 60 ኮፒ አሳተምን። ከዚህ አዳራሽ አንድ ኮፒ አልተመለሰም፣ ሁሉም ተወስዷል። የከፈለው ሰው 19 ነው። ቀሪዎቹ "ወር ሲደርስ" ብላችኋል። የትኛው ወር እንደሆነ አልነገራችሁኝም። ከዚያ ይባስ ብሎ በሳምንቱ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ስር ያለው አስተያየት ሁሉ "ተባረክ" ነው። ማን ነው የሚባረከው? የሠረቀው! አገር ቤት አንድ ደራሲ ቤቱን አስይዞ መጽሐፍ ያሳትማል። መጽሐፉ በወጣ በወሩ "ፒዲኤፉ ያለው ሰው?" የሚል መልእክት ይደርሳችኋል። እናንተም ትልኩለታላችሁ። ያው ሰው ደራሲው ሲታመም "እርዱት" የሚል ፖስተር ያዞራል፣ ሲሞት ፕሮፋይሉን ያጠቁራል። ሥራውን ለማድነቅ ሕይወቱ እስኪያልፍ ለምን እንጠብቃለን? ማጨብጨብ ነፃ ስለሆነ ነው። አሁንም አታጨብጭቡ!

እሺ። ተመለስኩ።

ሪዛልም ያለ ከፋይ አልታተመም። በርሊን ላይ በረሃብ ሲሰቃይ ማክሲሞ ቪዮላ የሚባል ጓደኛው ደረሰለት። 300 ፔሶ አበደረው፣ 2000 ኮፒ ታተመ። ልብ ወለዱን ዓለም ያውቀዋል። ቪዮላን ማን ያውቀዋል? እኔ ቪዮላን ነው የማደንቀው።

ሪዛልና ዴል ፒላር በኋላ ተቃቃሩ። ማድሪድ ያለውን የፊሊፒኖች ማኅበር ማን ይምራ በሚል ምርጫ ነው። ለሪዛል የሚሆን ድጋፍ ወዲህ፣ ለጋዜጣው የሚሆን ወዲያ ተከፈለ። የስደተኛ ማኅበር ታሪክ ነውና ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

በኅዳር 1895 ጋዜጣዋ ተዘጋች።

በጥር 1896 የመጀመሪያው አዘጋጅ ሎፔዝ ሃይና ባርሴሎና ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ በድህነት። በዚያው ዓመት፣ እኛ አድዋ ላይ ካሸነፍን ከአራት ወር በኋላ፣ ጁላይ 4 ቀን፣ ዴል ፒላር በዚያው ከተማ፣ በዚያው በሽታ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የተቀበረው በውሰት መቃብር ነው። አንድ ጋዜጣ፣ ሁለት አዘጋጅ፣ አንድ ዓመት። ፊሊፒኖች በስፔን ላይ ያነሱት አብዮት የፈነዳው በሚቀጥለው ወር ነው። ሪዛልን ደግሞ ዲሴምበር 30 ላይ በጥይት ገደሉት።

የሚገርማችሁ፣ በዚያው ዓመት አብዮተኞቹ ማኒላ ውስጥ በስውር አንድ ጋዜጣ አትመው ነበር። ፖሊስ ለማሳሳት ግንባሩ ላይ "ዮኮሃማ ታተመ፣ አዘጋጅ ማርሴሎ ዴል ፒላር" ብለው ጻፉበት። ስሙ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ እሱ ራት አልበላም ነበር።

በ1920 አጥንቱ በመርከብ ወደ አገሩ ገባ። 24 ዓመት ቆይቶ። የመርከብ ገንዘብ ተገኘለት ማለት ነው፣ ለአጥንቱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዴል ፒላር ለባለቤቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። በአንዱ ላይ ሕልሙን ይነግራታል። አኒታ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ ሶፊያ ከጎኑ ሆና፣ ተራ በተራ ሲስማቸው። ሁለቱም "አባዬ፣ ከኛ ጋር ሁን፣ ወደ ማድሪድ አትመለስ" ይሉታል። በእንባ ርሶ ይነቃል። ኩያ ይህን ሲነግረኝ የአንሶላውን ጫፍ ለቀቀው። መሬት ወደቀ፣ እንደገና ታጠበ። እሱም ቡላካን ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁን በስልክ መስታወት ብቻ የሚስም ስንት ሰው እንዳለ እኔ አልቆጥርም።

ዛሬ ጋብዤዋለሁ። ያው ከኋላ፣ ከሻዩ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ከተናገርኩት ውስጥ ፕላሪደል ከሚለው በቀር የገባው ነገር የለም። አማርኛ አንድ ፊደል አያነብም።

ከ19ኙ ከፋዮች አንዱ ግን እሱ ነው። በቋንቋው ላመስግነው፦ ኩያ፣ ሳላማት።